የአራጋው ዣንጥላ

ታኅሣሥ ነው። ደሴ ገና አልነቃችም፤
ጦሳ ጉም ደርቧል፣ ጨረቃዋ አልጠለቀችም።
ቧንቧ ውሃ በታች፣ ሙሄ ሚኒባሱን ያባብላል፤
ሞተሩ አንዴ ይስላል፣ አንዴ ዝም ይላል።
እኔ በመታወቂያዬ ውርጩን ከመስታወቱ እፍቃለሁ።

ከኋላ ወንበር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣
እንደ ደከመው መንገደኛ ጋደም ብሎ፣
የአራጋው ዣንጥላ አለ፤
ቀይ ከፈይ፣ ዘርፉ ቢጫ፣ ዋጋው በዱቤ የተከፈለ።

አሥራ ሰባት ዓመት፣ መብራት ኃይል፣ አብረን
በሰው ግድግዳ ላይ ቆጣሪ ስናነብ ኖርን።
ልጁ የታመመ ለት «ማሪልኝ» ብሎ ተሳለ፤
ልጁ ዳነ።
አባት ግን ጥቅምት ላይ፣ ጫማውን ሲያስር ሳለ፣
ልቡ ቀጥ አለና
የስለቱ ዕዳ ወደ እኔ ሆነ።
እኔ ጸሎት አይሆንልኝም፤ ቁጥር ነው የማውቀው፤
የሚዞረውን አይቼ፣ ጽፌ ነው የማልፈው።

ሐይቅን አለፍን። ውሃው ከብርዱ ብዛት ይጨሳል፤
ገዳሙ ከነዛፉ በጭሱ ላይ ይንሳፈፋል።
ውጫሌ፣ ዳቦ በሻይ። ከዚያ አስፋልቱ አለቀ፤
ሙሄ ከመሪው ታገለ፣ ጥርሴ ከጥርሴ ተናነቀ።

መኪና ከማይደርስበት በእግር ጀመርን፤
አስታውን ይዘን ወጣን፣ ጅብራው መሀል ገባን።
ጅብራው ቆሞ ያደረ ዘበኛ ይመስላል፤
ቅጠሉ ላይ ያለው ውርጭ ሲነኩት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።
አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ደረጃ ቆጠርኩ፤
ሙሄ ሲያወራኝ ጊዜ ሦስት ቦታ ሳትኩ።
ከቅጥሩ በር ስንደርስ ጫማውን ከእኔ ቀድሞ አወለቀ፤
«ወላሂ፣ እግሬ የኔ አይደለም!» ብሎ ሳቀ።

መቅደሱ ተዘግቷል። አንድ የቆሎ ተማሪ ብቻ
ደበሎውን ለብሶ ተቀምጧል ከግንቡ ዳርቻ።
«ቄሰ ገበዙስ?»
«ቁልፉን ይዘው ገበያ ወረዱ።»
«መቼ ይመለሳሉ?»
«እሱን በቅሎዋን ጠይቁ፤ እሷ ናት መሪ በመንገዱ።»
«ለአንተ ትተን እንሂድ?» «ያለ መዝገብ ስለት አይገባም።»
ከመሥሪያ ቤቴ የራቅሁ አልመሰለኝም።

ሁለት ሰዓት ጠበቅን።
ቁልቁል ሲያዩት አውድማው ሁሉ የጣት አሻራ ያህላል፤
ገበያተኛው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል፤
ከመካከላቸው አንዱ ቁልፍ ይዟል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወረድን፤ ዣንጥላው እንደ ታሰረ።
የሙሄ እናት አደራ ደግሞ ነበረ፦
አንድ ኪሎ ስኳር፣ ከዋርካው ሥር፣ ለወልዩ ደጅ።
እመት ሉባባ ደሪሁን ይጠብቃሉ፤
«ኑ ልጆቼ፣ ዱዓ ላድርግላችሁ» አሉ።
ያኔ ነው፣ ያለ ወቅቱ፣ ሰማዩ የተቀደደው፤
በረዶው እንደ ሽምብራ የተበተነው።
መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር፤ አላጠፉም፣
ፍሬው እጃቸው ላይ ሲከመር አላራገፉም።

እጄ ቀደመኝ። ጋዜጣውን ቀደድኩ፤
ቀዩን ከፈይ ከነጭ ሻሻቸው በላይ ከፈትኩ።
ሙሄ «አሚን» አለ። እኔም አልኩ።

እመት ሉባባ ዘርፉን ቀና ብለው አዩና
«የማን ስለት ነው?»
«የጓደኛዬ። አራጋው። በሕይወት የለም።»
«ልጥራው። እናቱ ማን ትባላለች?»
አላውቅም።
አሥራ ሰባት ዓመት። ቆጣሪው ዞረ፣ እኔ አልጠየቅሁም።

አሁን ዣንጥላው ከበሬ ኋላ ቆሟል፣ ደርቋል፤
ከከፈዩ ላይ የውሃ ቀለበት ቀርቷል።
ማታ የአራጋው ሚስት ደወለች፤
«ቁልፉ ገበያ ነበር» አልኳት፣ ሳቀች።
«የባልሽ እናት ስማቸው ማን ነበር?»
ጥቂት ዝም አለች።
«መዲና» አለች።

ቁጥር በምጽፍበት ደብተር ጻፍኩት።
ለጥር እንደገና እንወጣለን፤
ሙሄ በቅሎዋን አስቀድሜ እጠይቃለሁ ብሏል።