የተለዋወጥነው ሌሊት

ኢንግቪል፣
አልጋሽ ላይ ነኝ አሁን፤ ትሮምሶ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ሰዓቱ ገና ቀን ነው፣ መስኮቱ ግን ድቅድቅ።
ፀሐይ ከሄደች ሰነበተች፤ ማንም አይፈልጋት፤
«በጥር ትመጣለች» ይላሉ፣ እንደሚያውቋት፣ እንደሚያምኗት።
ስኪሽ በሩ ሥር ቆሟል፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ።
ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍሽው እስካሁን ይመክረኛል፦
«ማሞቂያውን አታጥፊው። ዓሣው የጎረቤት ስጦታ ነው።
ድመት ከመጣች አስገቢ፤ የማን እንደሆነች እኔም አላውቀው።»

አንቺም ዳራን ከተማ ከአጎበሬ ሥር ትተኛለሽ፤
ሦስተኛዋን ደረጃ በጨለማ መዝለል ለምደሻል፣ ታውቂያታለሽ።
ስድስት ወር። ፊርማ፣ ማኅተም፣ ቪዛ፣ የሁለት ሆስፒታል ደብዳቤ፤
«የድንገተኛ ሕክምና ልውውጥ» ይላል ወረቀቱ፤ እኔ ግን በልቤ
የተለዋወጥነው ሌሊት ነው እላለሁ፤
የኔን ተራ አንቺ፣ ያንቺን እኔ አድራለሁ።

ያኔ በነሐሴ ዝናብ፣ ገና ሁለት ሳምንትሽ ሳለ፣
የጻፍሽልኝ መልእክት ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ፦

«ፕራሚላ፣ ልጅ አመጡ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
በሞተርሳይክል፣ አባት ከፊት፣ አጎት ከኋላ፣ መሐል አጣብቀው።
መሬት ላይ እንደተኛ ነክሳው ሄዳለች፤ ቁስሉ አይታይም።
ዓይኑ አይገለጥም። ብሌኑ ለመብራት አይታዘዝም።
እኔ በተማርኩት ሕግ ይሄ ልጅ የለም።
ብዕር አነሳሁ። ሄምካላ እጄን ያዘች፤
‹ዶክተር፣ እባብ ነው፤ ይሰማል፤ ክፉ አታውሪ› አለች።
ያለን ማሽን አንድ ነው፣ ለሌላ ሰው ይተነፍሳል፤
አባቱ ፊኛውን ተቀበለኝ። መጭመቅ ብቻ ይችላል።
ጨምቅ፣ ልቀቅ። ጨምቅ፣ ልቀቅ።
እስኪነጋ። እንደገና እስኪመሽ። እጁ ድካም የማያውቅ።
በአራተኛው ቀን ልጁ ተነሥቶ ውሃ ጠየቀ፤ ቀጥሎም፦
‹ያቺ በማላውቀው ቋንቋ የምታለቅሰው ሴትዮ ማን ነበረች?› አለ፣ ሳይስቅም።»

ትናንት ማታ ሄሊኮፕተር ከሴንያ ባሕር አንድ ዓሣ አጥማጅ አወረደ፤
ቶርጌር ይባላል። ጢሙ ላይ ጨውና በረዶ ተዋሐደ።
ሙቀቱ አሥራ ስምንት። ልቡ ቀጥ ያለ መስመር።
ዳራን ቢሆን አንሶላ ስቤ፣ ቤተሰብ ጠርቼ ነበር።
አስቢየርን ግን ራሱን ነቀነቀ፤ «ብርድ ይዋሻል» አለኝ፤
«ሳይሞቅ ሞተ አንልም።» ደረቱን የመጫን ተራ ሰጠኝ።
ደሙን በቱቦ ቀድተው፣ አሙቀው መለሱለት፤
ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ልክ እንደ ወፍጮ ቤት።
እኔ ግን የሚታየኝ ያ አባት፣ ያ ፊኛ፣
ያ የማያንቀላፋ እጅ፣ ከማሽኑ ጎን ተረኛ።
ጎንበስ አልኩና ጆሮው ላይ፣ በራሴ ቋንቋ፣
«ወንድም ጋሼ፣ ቀስ ብለህ ና» አልኩት።
ማንም አልሳቀም።

ሃያ ሁለት። ሃያ ስድስት። ሠላሳ። ሠላሳ ሁለት።
ሞቀ።
ልቡ ግን አልተመለሰለት።
ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላል፤ እኛም መሰለን።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አስቢየርን ሰዓቱን ነገረን።

ሚስቱ ራግንሂል ጓንቱን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፤
«ሲሰማን ነበር?» አለች።
መጽሐፉ የሚለውን አውቃለሁ። አስቢየርንም ያውቃል፤ ፊቱን አዞረ።
«እኔ ከመጣሁበት አገር» አልኳት፣ «እንዲህ የተኛ ልጅ ሰምቶ፣ ነቅቶ ተናገረ።»
ሐሰት አልነበረም። እውነት ነው ማለትም አልችልም።
ያለኝ ምስክር አንድ ልጅ ነው፤ እሱም የእባብ እንጂ የበረዶ አይደለም።

ኢንግቪል፣ ይሄን ሪፖርቱ ላይ የቱ ጋ ነው የምጽፈው?
«የተገኘ ልምድ» የሚለው ሣጥን ሁለት መስመር ብቻ ነው።

ቆይ፣ ድመቷ መጣች። ጆሮዋ ላይ በረዶ አለ።
አስገብቻታለሁ።
ማሞቂያው እንደበራ ነው።