የተመለሰ ዕቃ

ፖላንድ፣ ዉጅ ከተማ፣ ትራም በሚያልፍበት፣
መስኮት ሲንዘፈዘፍ ጥርስ በሚፋጭበት፣
ሄድፎን እሸጣለሁ። ስሜ ነው ካዬታን።
ሦስት ዓመት አለፈኝ የሰው ጆሮ ስመዝን።
«ይኼ ድምፁ ጥሩ፣ ያ ጸጥታው ድንቅ፣
ያኛው ምቾቱ ነው፣ አናት አያስጨንቅ፣»
እያልኩ እንደ ዳዊት በቃሌ ስደግም፣
ኅዳር ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ገበያም የለም፣
ወይዘሮ ቦጉሚዋ ከች አሉ በበሩ፣
ጃንጥላቸው ሲያነባ ከጫፍ ከዳሩ።

«ከላዬ፣» አሉኝ፣ «ከአራተኛው ፎቅ፣
ራዶሚው የሚባል፣ እፍረት የማያውቅ፣
ልጅ አለ፤ ማታ ማታ ትሮምቦን ይነፋል፤
አንድ ዜማ ይጀምራል፣ እዚያው ይሳሳታል፤
ምጥ የያዛት ላም ናት! ከዚያ በምን ይሻላል?
ዝም የሚያሰኝልኝ ዕቃ ይገኛል?»

ፊተኛውን ጫንኩላቸው፣ ባለ ገመዱን፣
ጎኑ እንጨት የሆነውን፣ እኔ የምወደውን።
ፒያኖ ከፈትኩኝ። ዓይናቸው ተከደነ።
«ሰውዬው ይተነፍሳል፣» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ።
«ጣቱ ሳይወርድ በፊት ሲያመነታ ሰማሁ፤
ወንበሩም ሲጥ አለ። አጠገቡ ነኝ እንዴ? ፈራሁ።»
ግን ትራሙ ሲያልፍ ውስጥ ድረስ ዘለቀ፤
ትራም ከገባበት ትሮምቦን መቼ ራቀ!

ሁለተኛው ላባ ነው፤ መነጽር አይጫንም፣
ጆሮም አያልብበት፣ አንገትም አይደክምም።
አድርገውት ሳለ «የታል?» ብለው ጠየቁኝ፤
ሳቄን እንዳላወጣ ከንፈሬን ነከስኩኝ።
ድምፁ ግን ውኃ ነው፣ የቀጠነ ወጥ፤
ፒያኒስቱ የለም፣ ወንበሩም አይል ሲጥ።

ሦስተኛውን ጫንኩት። ቁልፉን ስነካት፣
ዝናቡ፣ መንገዱ፣ የማሞቂያው ጩኸት፣
ጠፋ።
ትራሙ በመስኮት እንደ ዓሣ አለፈ፤
የተሸከሙት ነገር ከትከሻቸው አረፈ።
ዋጋውን ነገርኳቸው፣ በሹክሹክታ፤
ከንፈሬን አነበቡት፤ «ውድ ነው» አሉ፣ በፈገግታ።
«ቢሆንም ይኼው ነው!» ጮኹ፣ ሱቁ እስኪሰማ፤
ብሩን ቆጠሩልኝ፣ እጃቸው ሳያቅማማ።

በዘጠነኛው ቀን ካርቶኑን አቅፈው፣
ደረሰኙን ደግሞ በመርፌ ቁልፍ ሰክተው፣
ተመለሱ።
«ተበላሸ?» አልኩኝ። «ኧረ እንከን የለውም፤
ልጁ ሲነፋ እንኳ ጭራሽ አልሰማውም።»
«ታዲያ?»
ጓንታቸውን ፈቱ፣ ጣት በጣት፣ በዝግታ።
«ሸማኔ ነበርኩ እኔ። ፋብሪካ። ቀን ሆነ ማታ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፤ ሁለት መቶ መኪና
ባንድ አዳራሽ ሲያጓራ፤
ወሬያችን በከንፈር ነበር፣ ጆሮማ የት አለና!
ፋብሪካው ተዘጋ፤ ዛሬ ፒሳ ቤት ነው።
ከኔ ጆሮ ግን ፈረቃው አልወጣም፤ አሁንም ሥራ ላይ ነው።
ያንተን ዕቃ ስጭነው፣ ዓለም ዝም ሲል ከውጭ፣
ሁለት መቶውም ተነሣ። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ!
ለካ ያ የላም ምጥ፣ ያ ስሕተት የማይደክመው፣
የኔን ፋብሪካ ኖሯል ሲያባብለው፣ ሲያስታምመው።»

ገንዘቡን መለስኩኝ። በሩን እንደ ያዙ፣
«የትሮምቦን ዘይት አለህ?» አሉኝ፤ «ደርቋል መሰል የቱቦው ወዙ።»
አራተኛው በር ጋ፣ መሣሪያ ቤቱን አመለከትኳቸው። ሄዱ።
ጭጋጉ ዋጣቸው። ትራም ደወለ በመንገዱ።

ማምሻውን ካርቶኑን ከፍቼ አየሁት፤
ትራሱ ላይ አንድ ነጭ ፀጉር አገኘሁበት።
ያገለገለ ዕቃ ዋጋው ይቀነሳል፤
ጠባዩም ተጽፎ ወረቀት ይለጠፋል።
«ድምፁ ደኅና፣» ጻፍኩኝ፣ «ምቾቱም ያዛልቃል፤
ጸጥታው»
እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆየና፣
«ጸጥታው ከመጠን በላይ ይሰማል።»