የታወረ መስኮት

ሩቤ ነው ቤቴ፣ ከሸማኔዎች ሰፈር፣
ጡብ በጡብ ተደግፎ ከቆመበት መንደር።
ከራስጌዬ በላይ፣ ግድግዳዬ መሀል፣
የታወረ መስኮት ተደፍኖ ይታያል፤
ደፍ አለው፣ ቅስት አለው፣ መቃኑም አልጠፋ፣
ዓይኑ ላይ ጡብ አለ፣ ብርሃን የገፋ።

ማዳም ኦዲልን ጠየቅሁ፤ የመንደሩን ሁሉ ያውቃሉ፤
"ግብር ነው" አሉኝ፣ ሳቅና ትካዜ ሳይቀላቅሉ።

ግብር! በኔ ቋንቋ ሁለት ፍቺ ይዟል፤
አንዱን ይበሉታል፣ አንዱን ይከፍሉታል፤
በላተኛው ሌላ፣ ከፋይ ሌላ ሆኗል።
አገሬ በጭሱ ነበር ሰው የሚቆጥር፣
ጭሰኛ እያለ፣ ምድጃ ሲያስገብር፤
እዚህ ግን በብርሃን። በመስኮት፣ በበር።
"ሰማይ አይታረስ" ሲሉ የሰማሁት
እዚህ አልሠራልኝም፤ ሰማዩን አርሰውት፣
በመስኮት ሸንሽነው፣ በመዝገብ አስፍረውት።

ማዳም ኦዲል ከአያታቸው አያት የወረሱት ወሬ ይህ ነው።

ከፍላንደርስ ገጠር ሰው በእግሩ ይጎርፋል፣
ፋብሪካው ሲጣራ ማሳው ጦም ያድራል፤
ጓሮው ጓዳ ሆነ፣ ጓዳው ቤት ተባለ፣
ከደረጃ ሥር እንኳ ኪራይ ከፋይ አለ።
ከነዚያ መሀል ነው ኦኔዚም፣ ሱፍ የሚሸምን፣
ከሚስቱ ጋራ፣ ክር ከምታጠነጥን ፊሎሜን።
ስምንት ልጅ ነበራቸው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፤
አንዱ ሲስል ሌላው ይስላል እስኪነጋ።

ዘጠነኛዋ መጣች በኅዳር፣ በውርጭ ማለዳ፤
"ልጅ በዕድሏ ታድጋለች" አለች አዋላጅዋ፣ ውሃ ስትቀዳ።
ዕድሏ ግን ቀድሟት ማዘጋጃ ቤት ተቀምጦ ነበር።

ያን ሳምንት የሕዝብ ቆጠራው ተደምሮ አበቃ፤
ሹሙ ከሥሩ አሰመረ፣ ቁጥሩ አፍጦ ነቃ።
ከተማው ሃያ አምስት ሺህን በአንዲት ነፍስ አለፈ፤
"በኦኔዚም ልጅ ነው" ብሎ መንደሩ አሾፈ።
ሕጉ ግን አልሳቀም፤ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦
ሰው የበዛ እንደሆን ይብዛ የመስኮት ግብር።

የፋብሪካው ጌታ፣ አርባ መስኮት ያለው፣
ጭማሪውን ሰምቶ ሲጋራውን ለኮሰው፤
አርባውንም ከፈለ። ከየት እንዳመጣው
ቅዳሜ ደሞዝ ላይ ሸማኔው ቆጥሮ አጣው።
የቤቱም አከራይ እንዲሁ አደረገ፤
በአንዲት መስኮት ሰበብ ኪራዩን አሳደገ።

ፊሎሜን አሰበች።
ዳቦና ብርሃን አንድ ኪስ አይገቡም።
በአራስ ወገቧ፣ ጡብ ለቅማ፣ ጭቃ አቡክታ፣
ብርሃንን ገነዘችው፣ ገና ሳይመሽ ማታ።

ሕፃኗ ክሌር አደገች፣ ድምፅ በድምፅ እየለየች
የትኛው እህቷ፣ የትኛው ወንድሟ እንደሳለ።
ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ ከሰል ከምድጃ አንስታ፣
በውጭ በኩል፣ ጡቡን ኖራ ቀብታ፣
መስኮት ሳለች፤ መጋረጃ፣ አበባ በማሰሮ፣
ድመት ከደፉ ላይ፣ ጅራቷ ዞሮ ዞሮ።

ሙሴ ደላትር መጡ፣ ገማቹ፣ ከነመዝገቡ፣
ሠላሳ ዓመት ሲቆጥሩ ዓይኖቻቸው የጠበቡ።
"አንድ መስኮት" ብለው ጻፉ። ከዚያ ተጠራጥረው
ጣታቸውን ዘረጉና ድመቷን ነኩ።
ጣታቸው ጠቆረ።

"እሱም ይቀረጣል?" አለች ክሌር ከበሩ ሥር።

መልስ አልሰጧትም። "አንድ" ያሉትን ሊያጠፉ
በዚያው ጣት ቢያሹት፣ ይባስ ጠቆረና
ጠፋ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ መስመሩ፣ ቤቱ፣
ኦኔዚም፣ ፊሎሜን፣ ዘጠኝ ልጅ ከነእናቱ።

አንድ ዓመት ሙሉ፣ ይላሉ ማዳም ኦዲል፣
ያ ቤት በመንግሥት ዘንድ አልነበረም።
ሰዎቹ ግን ነበሩ። ያስሉ ነበር።

ለኔም በየመስከረሙ ደብዳቤ ይመጣል፤
ስንት ክፍል፣ ስንት ነፍስ፣ ስንት ገቢ፣ ይላል።
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረውና
መብራት አበራለሁ፤ ራስጌዬ ያለውን
ጡብ እዳብሳለሁ፤
ከዚያ
ጣቴን አያለሁ።