ጨው አነሰ

«ጨው አነሰ» ይላል፣ ቀይ መብራቱ በርቶ፣
ዐሥራ አራት በጋ ግድግዳው ላይ ሰንብቶ፤
ከመዋኛው ጓሮ፣ ከፓምፑ ጎን ቆሞ፣
ሲያጉረመርም ያድራል፣ እንደ ሰው ታሞ።
ጨውን ክሎሪን ሲያደርግ የኖረ ሣጥን ነው፤ አርጅቷል።
ዶኛ አምፓሮ ደወሉ፦ «ሙሎ፣ ና፣ ዛሬስ ብሶበታል።»

ሙሉሰው ነበርኩኝ፣ እናቴ ስታወጣው፤
ቶሬቪዬሃ ስገባ ጅራቱን ማን ቆረጠው?
በእነሱ አፍ በቅሎ ነው፣ ሙሎ ማለት።
አልከፋኝም፤ እውነት አለበት፦
ቅድመ አያቴ በበቅሎ አሞሌ ጭኖ
ቆላ ደጋ ሲል ኖሯል፣ ዕድሜው በጨው ተመዝኖ።
ለእኔ የደረሰኝ ጋሻ የለም፣ ርስት የለም፤
ጨው የለመደ ትከሻ ነው እንጂ፣ ሌላ አይደለም።

ከከተማው ጀርባ ሐይቁ ሮዝ ነው፤
የጨው ክምር ቆሟል፣ በረዶ ነው የሚመስለው።
በዚህ ሁሉ ጨው መሐል
እሱ ግን «አነሰ» ይላል።

አምና ሰኔ ላይ ስድስት ከረጢት፣ ባለ ሃያ አምስት ኪሎ፣
በደረጃው አወረድኩ፤ ስሜን አልሸሸሁትም፣ ሆንኩ ሙሎ።
ጥልቁ ጋ ዘርግፌ፣ በመጥረጊያ በትኜ፣
ገና ሸሚዜ ሳይደርቅ፣ ገና ሳልርቅ ከደጃፉ፣
ስልኬ ጮኸ። «አሁንም!» አሉ። «አሁንም ያው ነው ጽሑፉ።»
ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ፤
አምጡ ባለ ቁጥር አመጣን፤ ዕቃ አይዋሽም ብለን።

ዘንድሮ የራሴን መለኪያ ይዤ መጣሁ፤
ከገንዳው አንድ ብርጭቆ ቀዳሁ።
በሊትር አምስት ግራም ተኩል።
ጨውስ ሞልቷል። ውሸታሙ ሌላ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ማን ይታለል።

ውሃውን ዘጋሁ፤ ሴሉን ፈትቼ አወጣሁት፦
ሰባት የቲታንየም ገጾች፣ እንደ ቀጭን መጽሐፍ ጥራዝ፣
ኖራ ያለበሳቸው፣ ነጭ ጺም ያወጡ።
ባልዲ ውስጥ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ አሲድ፤
ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ዓይኑን ይሰጣል።
ነከርኩት። ፈላ። አረፋው ደፈቀ፤
ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀ።
በኩሽናው መስኮት፦ «ይድናል?»

ኖራው ሲለቅ ታየኝ የታች ጉዱ፦
ቅቡ አልቋል፤ ራሰ በራ ሆኗል ሁሉም፣ ገጽ በገጹ፣ አንድ ባንዱ።
ምላሱ ነበር ያ ቅብ።
ጨው ውስጥ ተዘፍቆ ጨው አይቀምስም፣ ጨው እያለው ይራብ።
«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤
አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላል ተረቱ።
ጨውስ ጣፍጦ ነበር።
ምላሱ ላለቀበት ምን ይተረታል?

«ሴሉ ብቻ ሰባት መቶ ዩሮ» አልኳቸው፣
«ግን ቦርዱም ጠቁሯል፣ አንዱ ጥግ ተቃጥሏል።
ያረጀ አካል ላይ አዲስ ምላስ መስፋት ገንዘብ ማቃጠል ነው።»
አልመለሱም። ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።
በጥቁር ማርከር፣ በባላቸው በባልታሳር እጅ፣ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፦
ጨው፣ መጋቢት። አትርሺ።

«አልረሳሁም» አሉ፣ ለእኔ አይመስለኝም።
ከዚያ ድንገት ሳቁ፣ ወንበር እስኪይዙ ድረስ፦
«እኔን ሐኪሙ ጨው ከልክሎኝ፣ ሾርባዬ ውሃ ውሃ እያለ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ሳጎርሰው ኖርኩ፣ ምላስ የሌለውን!»

አዲሱ ትንሽ ነው፤ ሰማያዊ መብራት፣ ድምፅ የለውም።
አሮጌውን ክዳን ከላዩ በአራት ብሎን መታሁት፣
ሽቦ አልነካውም፣
ደረሰኙ ላይም አልጻፍኩትም።

በመስታወቱ ውስጥ የመጀመሪያው አረፋ ሲነሣ
ዶኛ አምፓሮ የብረት መደገፊያውን ይዘው ጎንበስ አሉ።
ልጃቸው እንዳትሆን ዞር ብለው አዩ፤
ጣታቸውን ነከሩ፣
ላሱት።

«አላነሰም» አሉ።