ወባ ነው በለኝ

እኔ የማውቀው ሰው ፊት የለውም፤ ጣት ነው፣
በላብራቶሪው መስኮት ሾልኮ የሚገባው፤
የአሣ ቅርፊት ከጥፍሩ ሥር የቀረ፣
በአሸዋ አካፋ የተሰነጣጠረ፣
አንዱም ከመተማ፣ ነዶ ሊያስር ሄዶ፣
በሰሊጡ ፈንታ ራሱ መጣ ነዶ።

እወጋለሁ፤ ጠብ ትላለች፤
መስታወት ላይ እዘረጋታለሁ፤ ትደርቃለች፤
ሐምራዊ ቀለሟን ጠጥታ ጠጥታ
ሹክ ትለኛለች የጌታዋን ጉድ አውጥታ።

ጥቅምት ነው። ጣና ከዳሩ ሸሽቶ፣
በከብት ኮቴ፣ በጎማ ፈለግ ትንሽ ትንሽ ውሃ ትቶ፣
ከእምቦጩ ሥር፣ ከአባይ ማዶ፣ ከሽምብጥ ቦይ
ሲመሽ ቢምቢ ትነሳለች፤ የማን ደጅ እንደምትሄድ ማን ሊያይ።
አጎበሩማ ታድሎ ነበር፣ ለየቤቱ ሁለት ሁለት፤
አንዱ አሣ ማጥመጃ ሆኗል፣ አንዱ የችግኝ መከለያ ከዶሮ ጭረት።

በድንገተኛ ክፍል፣ ባንድ አልጋ ሁለት ሰው ተጋድሞ፣
ግሉኮሱ ከመስኮት ብረት በፋሻ ታስሮ፣ አስታማሚው ቆሞ፣
ቃሬዛው ሲንገጫገጭ ሲስተር የኔአየሁ
«ማነው የሚገፋው?» አለች፤ እኔም ዞሬ አየሁ፤
የገፋው የለም። አንማው ነው፣
በሦስት ብርድ ልብስ ውስጥ የሚበርደው።

ውጤቱን እጽፋለሁ፦ አንድ መስቀል፣ ሁለት መስቀል፣ ሦስት፤
ከበሩ ማዶ እልል ሊሉ ይቃጣቸዋል አባት እናት፣
«እሰይ! ወባ ብቻ ነው!»
«ብቻ» ያሏት ቃል ስንቱን እንደሸኘች የማውቀው
እኔ ነኝ። ግን መስኮት አፍ የለውም፤
የእኔ ሥራ መቁጠር ነው፤ ማስፈራት አይደለም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ትንሽ ጣት ገባች።
ወጋኋት፤ አልሸሸችም፤ እንደ ሰው ዕቃ ዝም አለች።
ደብሬ ትባላለች፤ ሰባት ዓመቷ፤
በጀልባ ያመጣቻት ከደቅ፣ ፈንታነሽ እናቷ፤
አንገቷ እንደ መቅዘፊያ ቀጥ ብሎ ደርቋል፣
የእናቷ አፍ ከመስኮቴ ቀዳዳ ደርሷል፦

«አንተ ልጅ፣ አንተ የመስታወቱ፣ ወባ ነው በለኝ፤
ወባን አውቀዋለሁ፣ እሱስ አያስደነግጠኝ።
አባቷን ሁለት ጊዜ ጥሎ ሁለት ጊዜ ያነሳ፤
ቢጫ ክኒን፣ ሦስት ቀን፣ ከእህል ጋር፣ እንዳይረሳ፤
ላቡ መቼ እንደሚመጣ፣ ብርዱ መቼ እንደሚለቅ፣
የጎረቤት ያህል ነው የምንተዋወቅ።
ስሙን የማላውቀውን በምን እጄ ላስታምመው?
በሞቴ፣ ወባ ነው በለኝ፤ ምን ይጎድልብሃል ብትለው?»

አጎነበስኩ።
መቶ ሜዳ አየሁ። ሁለት መቶ።
ቀለበቱ ጣና ዳር እንደጠፋበት ሰው እጁን ከአሸዋ ከትቶ፣
ያቺን ቀጭን ክብ፣ ባንድ ፈርጥ የምትታወቀውን፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዳላያት የምመኘውን፣
ለመንኳት። ነይ፣ አንዴ ብቻ፣ ከወዴት ነሽ፤
ብትኖሪ ይሻላል ከምትጠፊ፤ ታዪልኝ እባክሽ።

ደሟ ጥርት ብሏል፤
እንደ ጥር ሰማይ አንድ ደመና ጠፍቶበታል።

ለሐኪሙ ደወልኩ፤ «ከወገቧ ውሃ እንቅዳ፣ ቶሎ» አለ።
«ነጻ» ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ እንደዋሸ ሰው ዛለ።
ግን ሁለተኛ ቀባሁ፤ ሦስተኛ፤ ጎህ ቀደደ፤
የመጀመሪያው ጀልባ ከወደቡ አጓርቶ ሄደ።

በመስኮቱ አልነግራትም ብዬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።
ወንበር የለም፤ መሬት ተቀምጣለች። ጠይም ፊት፣
ባንድ ጉንጯ ላይ የጀልባው ጥላሸት።
አፌን ሳልከፍት የመቀነቷን ጫፍ ፈታች፣
ከባሏ የተረፉ አራት ቢጫ ክኒኖች በመዳፏ ዘረጋች፣
«ልጅ ናት፤ ግማሽ ግማሹን ልስጣት?» አለች።