በአካባቢዎ አይገኝም

ሙጋድ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣
አምስት ደረጃ ወርዶ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባ፣
የይማም ጌም ቤት አለ፤
ሰዓቱ በሃያ ብር፣ ስድብ በነጻ የታከለ።

ያን ክረምት አዲስ ጨዋታ መጣ፤
ሀብት ፍለጋ ነው፣ ከባሕር ወለል ሣጥን የሚወጣ።
ሁለት ሰው ካልተጣመረ፣
ሁለት ቁልፍ እኩል ካልዞረ፣
ክዳኑ ንቅንቅ አይልም።
ይማም ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ዓይኑን አልከደነም፤
ንጋት ላይ፣ ከስክሪኑ መሀል፣ አንዲት መስመር፦
«ይቅርታ። በአካባቢዎ አይገኝም።»

ለ«አይገኝም» እንግዳ አይደለንም።
ናፍጣ አይገኝም፣ ስኳር አይገኝም፣
የአባቴ የደም ግፊት ኪኒን፣ እሱም አይገኝም።
ጨዋታ ግን፣ የውሸት ባሕር፣ የውሸት ወርቅ፣
በኛ ምን ሊጎድልበት ነው እንዲህ የሚርቅ?
«አካባቢ ማለት ምንድን ነው?» አልኩት ይማምን።
«ካርታውን ሲስሉ ክርናቸው ያረፈበት።»

ይማም ዘዴ አያጣም። ቪፒኤን ጫነና
ሲንጋፖር ወሰደኝ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ ገና።
ስም? ሊም። ዕድሜ? የሚያስገባው።
የፖስታ ቁጥር? ስድስት አሃዝ፣ ጣቴ እንዳገኘው።
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደረጃውን ሲዳብስ፣
እኔ ጃኬቴን ቆልፌ በሞቀ ባሕር ስመላለስ።

አጣማሪ ሰጡኝ። ስሙ ታን። አገሩ እንደኔው «አገሬ»።
እንግሊዝኛው ሰባራ፤ ሁለታችንንም ፊልም ነው ያስተማረን።
«ሃው ዌዘር?» አለኝ አንድ ማታ።
«ቬሪ ሆት» አልኩ፣ መዳፌን በትንፋሼ እያሞቅኩ።
«ሂር ኦልሶ» አለ።
ያኔ አላወቅኩም፤ ከሁለታችን የዋሸሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሦስት ሳምንት ጠለቅን። ጀልባ ሰባሪ አለት፣
የሻርክ ጥላ፣ መልሕቅ፣ የሰመጠ መርከብ አጥንት፤
ባሕር አይተን የማናውቅ ሁለት ሰዎች
(ይሄንንም በኋላ ነው የሰማሁት)።
በሃያ አንደኛው ሌሊት ሣጥኑ ተገኘ።
ቁልፌን ሰካሁ። ቁልፉን ሰካ።
«ዋን» አለ። «ቱ» አልኩ።
አምፖሉ ፈዘዘ፣ ደም እንዳነሰው ሰው፤
በጆሮ ማዳመጫዬ፣ በዚያችው ቅጽበት፣
ከዚያ ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከባሕር ማዶ ቤት፦
«ኧረ በአላህ! ሊሄድ ነው እንዴ?»

ሄደ።
ደሴ ከነጉሟ፣ ባሕሩ ከነዓሣው ጠፋ።
ይማም ክብሪት ሲዳብስ ከጠረጴዛ ተጋጭቶ፣
«ሲንጋፖርም መብራት ይሄዳል?» አለ፣ ሣቁ ሻማውን ሊያጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ሲመጣ መልእክቱ ቆሞ ጠበቀኝ፣
በአማርኛ ፊደል፦ «ማነህ? የት ነህ?»
«ሲንጋፖር።»
«የትኛው ሲንጋፖር?»
«ከጦሳ ሥር ያለው።»
«እኔ ከቦርከና ዳሩ።»

ሳምንት ሳይሞላ ቪፒኤናችንን ደረሱበት።
ሣጥኑ እዚያው ነው፣ ሁለት ቁልፍ አፉ ላይ ተሰክቶበት፣
ግማሽ ዙሮ የቀረ፣ «ስሪ» የሚለው ጠፍቶበት።

እሁድ በሐረጎ ወረድኩ በሚኒባስ፣
ጆሮዬ ድፍን ብሎ ጧ እስኪል፣ ጉሙ ከላይ እስኪቀር ድረስ።
ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ሰው፣
አርባን የተሻገረ፣
ቅንድቡ ላይ የፋብሪካ ጥጥ ብናኝ የሠፈረ።
ሙህዬ ይባላል። የሁለት ልጆች አባት።
«ልጅ ነህ ለካ!» አለኝ። «ትልቅ ሰው ነዎት ለካ!» ልለው አፈርኩበት።
ከሰላምታው በኋላ አማርኛ አለቀብን።
ሦስት ሳምንት ከባሕር ሥር በሰው አገር ቋንቋ ያወራ
በገዛ ቋንቋው ከየት ይጀምራል?
ባጃጆች ይጮሃሉ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት።
ጃኬቴን አውልቄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና
«ቬሪ ሆት» አልኩት።
አሁንስ እውነቴን ነበር።