ያደረ ሩዝ

ትኩስ ሩዝ አይጠበስም፤ ገንፎ ነው የሚወጣው፤
ቅመምም አያድነው፣ እሳትም አይቀጣው።
ሎርና ናት ይህን ያለችኝ፣ ከሴቡ የመጣች፣
ውሏ ሲያልቅ መጥበሻዋን አውርሳኝ የወጣች፦
«ሩዝ ማደር አለበት፤ ብርድ ይምታው፣ ይድረቅ፤
ፍሬው ከፍሬው ይጣላ፣ አንዱ ካንዱ ይራቅ።»

ሐሙስ ማታ ከላውንደሪ ስመለስ፣ እግሬ አብጦ፣
ሁለት ስኒ እቀቅላለሁ፣ ውሃው እስኪያልቅ ተመጦ።
የአይስክሬም ዕቃ ነው ቤቱ፤ ክዳኑ ላይ አለ ስሜ፤
ከሱጃታ እርጎ ጎን ያድራል፣ እኔም እተኛለሁ ደክሜ።

ፋርዋኒያ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፤ ስድስት ሴት፣ አንድ ምድጃ፤
የተራችን ወረቀት በር ላይ አለ፣ ለክርክር ማስረጃ።
ዓርብ ከአራት እስከ አራት ተኩል፣ ያ ሰዓት የእኔ ነው፤
ከዚያ ወዲያ የሱጃታ ዓሣ ነው እሳቱን የሚረከበው።

ክዳኑን ሳነሳ ሁሌ
«እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ፣ ሩዙን።
ቀልድ ነው። ሰው የለም ብዬ ነው።

ዛሬ ግን ሰው ነበረ።

ጦይባ። የሃሊማ የአክስት ልጅ፣ ሌሊት የገባች፣
አንድ ፌስታል፣ አንድ ሻርፕ ይዛ።
ጃህራ፣ ሰው ቤት፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር።
በሩን ተደግፋ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፤
እጇ ግን ደረቅ ነበር።
«ለስንት ሰው ነው?» አለችኝ።
«በስንት ሰዓት ይፈልጉታል?»
«እነማን?»
ዝም አለች።

ባልዲ ገልብጬ አስቀመጥኳት።
ዘይቱ ይጋል መጀመሪያ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቶሎ፣ ሳይጠቁር።
ካሮት፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ።
አንድ ቃሪያ (ይህን ሎርና አታውቀውም፣ ከእኔ ነው)።
ሁለት ዕንቁላል ጥግ ላይ፣ ሳይደርቅ ማማሰል።
ከዚያ ሩዙ፣ በጣት እየተፈለፈለ።
እርጥብ የዲሽዳሻ አንገትጌ ላይ ካውያ ሲያርፍ
የሚሰማው ያ ድምፅ፣ እሱ ነው።
ሶያ ሶስ በብረቱ ጠርዝ ዙሪያ፣ ጥቂት።
ከዚያ መተው። ሥሩ ትንሽ ይያዝ። መታገሥ እዚህ ጋ ነው።

«ያደረ ነው?» አለች፣ ሳህኑን ሳቀብላት።
«አዎ።»
ሩዙን ትታ ማንኪያውን አየች።
«እዛም ያደረው የእኔ ነበር። ትኩሱ የነሱ።»

ምን ይመለሳል? ይህን ሎርና አላስተማረችኝ።
«ለዚህ ብዬ ነው ያሳደርኩት» ብላት ማን ያምነኛል?
ያው አንድ ቃል ነው እኮ፤ ዕዳም ያድራል፣ እንግዳም ያድራል፤
ሰውም ሰው ቤት ያድራል፣ ሳይነጋለት ዓመት ይቆጠራል።

ማንኪያዬን ከእሷው ሳህን ከተትኩ።
አንድ ጉርሻ። ሁለት።
ቃሪያው አገኛት፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ በሻርፗ ጫፍ።
ሱጃታ አንኳኳች። አምስት ጣት አሳየኋት።
ጦይባ የተያዘውን ከሥር ትፍቃለች፣
«ይሄኛው ይጥማል» እያለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለመጥበሻው።

ከዚያ ተነሥታ አጠበችው። «ተዪው» እያልኩ፣
በሳሙና፣ በሽቦ፣ እስኪያብለጨልጭ ድረስ።
የሎርና መጥበሻ ሳሙና ነክቶት አያውቅም፤
የሰባት ዓመት ዘይት ነበር ጥቁረቱ።
ምላሴን ነከስኩ።

ማታ ሦስት ስኒ ቀቀልኩ።

ቅዳሜ ለሥራ ስነሣ፣ ገና ሳይነጋ፣
ከኩሽና የፍሪጁ በር ተከፈተ። ክዳን ተነሣ።
«እንዴት አደርክ?» የሚል ድምፅ፣
ቀስ ብሎ፣
ሰው የለም ብላ ነው።